ከወልድያ እስከ ቆቦ፦ ጎርፉን ወደ አሸዋው መመለስ

ከወልድያ ተነሥተን የአላውሃን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ በጎብዬና በሮቢት በኩል ወደ ቆቦ ስናመራ፣ በስተ ምዕራብ የግዳን ደጋ፣ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ ሜዳውን ግራና ቀኝ ይዘውት ይታያሉ። ይህ ለጥ ያለ ሜዳ ወንዞች ከደጋው እየጠረጉ ባመጡት ጠጠር፣ አሸዋና ደለል የተሞላ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውኃውም በዚሁ ሙሌት ውስጥ ይገኛል። ዝናብ ሲያጥር ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ እየተሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያበቅለው ይኸው ውኃ ነው። የሚሳበው በምን ይተካል የሚለውን ለማየት ነበር አመጣጤ።

በዚህ ጉዳይ ሩቅ የሄዱት ኔዘርላንዶች ናቸው። አምስተርዳም ከእ.ኤ.አ. 1853 ጀምሮ በሰሜን ባሕር ዳርቻ ካሉ የአሸዋ ኮረብታዎች ሥር የተጠራቀመውን የዝናብ ውኃ ስትጠጣ ኖራ፣ የሚቀዳው ከሚሰርገው እየበለጠ ሲሄድ ከታች ያለው ጨዋማ ውኃ ሽቅብ ይገፋ ጀመር። ጨው አልባው ውኃ ቀለል ስለሚል በባሕሩ ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባሕር ወለል በላይ ለቆመው እያንዳንዱ 1 ሜትር ከወለሉ በታች 40 ሜትር ገደማ ስለሚኖር፣ ላይኛው ጥቂት ዝቅ ሲል የታችኛው ብዙ ይቀንሳል። በመሆኑም ከእ.ኤ.አ. 1957 ጀምሮ የራይን ወንዝን ውኃ አጣርተው በቧንቧ እያመጡ፣ በኮረብታዎቹ መካከል በተቆፈሩ ቦዮች ወደ አሸዋው ያሰርጉታል። በአሸዋው ውስጥ ከሁለት ወር በላይ ሲቆይ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይጠፋሉ፤ ከዚያም መልሶ ይቀዳና ይታከማል።

ቆቦን የባሕር ጨው አያሰጋውም፤ አሸዋና ጎርፍ ግን አለው። በጎሊና ወንዝ ደረቅ ወለል ላይ ቆሜ አንድ ክንድ ያህል ብጭር ከእርጥቡ አሸዋ ውኃ ቋጠረ። ጎርፉ ተኝቶ በዋለበት ዳር ግን ስስ ጭቃ እንደ ድርቆሽ ጠርዙን ቆልምሞ ደርቋል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ አንዳች እርጥበት አልነበረውም። ዋናው ችግር ይህ ይመስለኛል። ደለሉ ሳይዘቅጥ ጎርፉን በቀጥታ ወደ ማስረጊያ ኩሬ መልቀቅ ኩሬውን በጥቂት ክረምት መድፈን ነው፤ ራይንም የሚጣራው አንድም ለዚህ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ማዝቀጫ ኩሬ፣ ቀጥሎ ማስረጊያው፣ በየበጋውም የጭቃውን ቅርፊት መጥረግ ያስፈልጋል፤ ከላይ በደጋው ደግሞ እርከኑ ካልተጠበቀ ይህ ሁሉ ድካም ብዙ አይራመድም።

ጎርፍ ጠልፈው ማሽላ የሚያለሙ አንድ አዛውንት ሐሳቤን በጥሞና አዳመጡኝ። «ልጄ፣ ጎርፉ እዚህ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ከላይ ይወርዳል። ሰው አካፋውን ይዞ እስኪደርስ እኩሌታው ወደ አፋር ያልፋል» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ በማሳዬ ባሰርገው፣ የሚስበው የታችኛው ባለ ፓምፕ አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁ።

ልክ ነበሩ፤ የሰረገ ውኃ የማሳ ወሰን አያውቅም። «አዎን አባባ፣ እሱም ይስበዋል፤ ስለዚህ በኩሬው ሥራም ሆነ በጠረጋው ባለ ፓምፖቹ ድርሻቸውን ሊያዋጡ ይገባል» አልኋቸው። እርሳቸውም ጉዳዩን የውኃውን ክፍፍል ለሚመራው ለውኃ አባቱ ነግረው፣ ክረምት ሳይገባ ባለ ፓምፖቹ ባሉበት እንዲመከርበት እንደሚያደርጉ ነገሩኝ።