ሐኪም ያድርግሽ

ዛሬ ማታ ልቤ ያለ ምክንያት ከብዷል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሸፍኖታል፤ መብራቱም ይመጣል፣ ይሄዳል። ከሰዓት ቡና ስንጠጣ እትዬ ዘ. እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘርግተው ትልቋን ልጄን «ሐኪም ያድርግሽ፤ ለወገን የምትደርሺ ያድርግሽ» ብለው መረቋት። ሁላችንም አሚን አልን። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ ሲኒ መሰብሰብ ጀመረች፤ ገና ሁለተኛው እንኳን አልተቀዳም ነበር።

ወሎ ላይ ያለ ምርቃት ከቤት የሚወጣ ልጅ የለም። ያደግሁበት ነው፣ እወደዋለሁ። ነገር ግን ምርቃት የሙያ ስም ሲጨመርበት ልጅ ላይ ዕዳ ይሆናል ብዬ ማሰብ ጀምሬአለሁ። ሐኪም ካልሆነች ያን ሁሉ አሚን ለማን ትመልሰው? ደግሞስ ምን ያስቸኩላል? ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የሚያጠናውን ዘርፍ የሚመርጠው መጀመሪያ የጋራ ትምህርት ከወሰደ በኋላ ነው። እኛ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሳትቀመጥ ነጭ ካባ አልብሰናታል።

ፈተናው ራሱ ቀላል አይደለም። በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ ቁጥሩ 5.4 በመቶ ደረሰ። ይህን እያወቅን «ከጎበዝሽ ታልፊያለሽ» ማለት ፍትሕ አይመስለኝም። ይህቺ ልጅ ሰባተኛ ክፍል እያለች ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ። ዘጠነኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ደሴ በጦርነት ተያዘች። ያ ሁሉ የጎደለ ትምህርት ተደምሮ ከ600 በሚሰጥ አንድ ውጤት ላይ የእሷ ስንፍና መስሎ ሊጻፍ ነው። ስለዚህ ከ300 በታች ብታመጣ በቤታችን ምንም እንደማይለወጥ፣ የአቅም ማሻሻያ ትምህርትም ቴክኒክና ሙያም እንዳለ አስቀድሜ ነግሬአታለሁ። ውጤት ከወጣ በኋላ የሚነገር «አብሽሪ» ለቅሶ ላይ እንደሚነገር ማጽናኛ ነው፤ አሁን ሲነገር ግን እንቅልፍ ይሰጣል።

ከምክር ይልቅ ሰዓት መስጠት ይሻላል የሚለውንም አጥብቄ አምናለሁ። የሴት ልጅ ጥናት በየመሐሉ ይቆረጣል፦ ወጥ ይታያል፣ ዕቃ ይታጠባል፣ እንግዳ ይመጣል። አሁን ይህን ሁሉ ታናሽ ወንድሟ ይዞታል። አባቷ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ማታ ማታ ሳታቋርጥ ስታነብ ሲያይ ግን ዝም አለ። ለፈተና ግቢ ስትገባ ስልክ መያዝ ስለማይፈቀድ «እንዴት ነበር?» ብሎ መደወል አይኖርም። እንዲያውም ደግ ነገር ነው እላለሁ፤ የሠራችውን እየቆጠረች ለቀጣዩ ከምትሰጋ ትተኛበት።

የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሌሊት ብቻችንን ሳለን የውሃ ምህንድስና ማጥናት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። «የት?» ስላት «አርባ ምንጭ» አለች። የዚያ ዩኒቨርሲቲ ጅማሬ የውሃ ቴክኖሎጂ ተቋም እንደነበር አንብባለች። ውሃ ለመቅዳት ተራ ስትጠብቅ ያደገች ልጅ ይህን ብትመኝ አያስገርመኝም፤ እንዲያውም ኮራሁባት። ወዲያው ደግሞ መንገዱ በዐይኔ መጣ። በዚህ ዘመን ከደሴ አዲስ አበባ ለመድረስ እንኳን ስንት ጊዜ ተደውሎ «መንገዱ ሰላም ነው?» ይባላል፤ ከዚያ አልፎ እስከ ደቡብ ጫፍ! ኮምቦልቻ እዚህ ቁልቁል ነው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም እዚያው አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ይዤላት ብሄድ ማን ይከለክለኛል?

ምደባው በውጤቷና በምርጫዋ ነው፤ የጠየቀችውም ላይደርሳት ይችላል። ቢሆንም ቅጹን ስትሞላ የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትጽፈውን ከመጻፏ በፊት ዐይን ዐይኔን እንደምታይ አውቃለሁ። ፍርሃቴን ብነግራት ለእኔ ብላ ኮምቦልቻን ታስቀድማለች። ብደብቃት ደግሞ፣ መንገዱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባት፣ ዝምታዬን እንዴት እችለዋለሁ? እናንተ ልጆቻችሁን ሩቅ የሰደዳችሁ፣ ያን ቀን ምን አላችኋቸው?