ውሃ የጠጣው ኦፓል

የአክስቴ ልጅ ወሎ፣ ደላንታ ነው የሚኖረው። ገበሬ ነው፣ አዝመራ ሲሰበሰብ ግን ዶማና መሮውን ይዞ ገደል ይወርዳል፣ ኦፓል የሚሉትን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ። በቀደም ደሴ መጣና አንዲት ድንጋይ ከጨርቅ ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ አንተ ከተማውን ታውቀዋለህ፣ ሽጥልኝ» አለኝ።

አፈር ነበረባት። ገዢ ፊት ንጹህ ሆና ትቅረብ ብዬ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳደርኳት። ጠዋት ሳወጣት ያ ሲንቀለቀል የነበረው ቀይና አረንጓዴ ጠፍቷል፣ የጠርሙስ ስባሪ መስላለች። ነጋዴው አገላብጦ አያትና «ቀለም የላትም» ብሎ ወረድ ያለ ዋጋ ጠራ። ልጁ የመመለሻ ትራንስፖርት እንኳ አልነበረውም፣ ሸጥናት።

በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። የደላንታ ኦፓል ውስጡ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙም ይደበቃል። ደርቆ ሲያበቃ ቀለሙ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዱ በሰዓታት፣ አንዳንዱ በቀናት። ትንሽ ብንታገሥ ኖሮ ድንጋያችን እንደነበረች ትመለስ ነበር። በዚህ ንግድ የኖረ ሰው ይህን ያጣዋል ብዬ አላምንም። የአክስቴ ልጅም «ውሃ አታስነካው» ሲሉ ሰምቷል፣ ለምን እንደሆነ ግን የነገረው የለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ገደሉን የሚቧጥጠው ሰው ስለያዘው ነገር የሚያውቀው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ወርቅ ቢሆን ይሻላል። ወርቅ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ የዓለም ዋጋ አለው፣ ብሔራዊ ባንክም ከባህላዊ አምራቾች የሚወጣውን ይገዛል። ኦፓል ላይ ግን ሁለት እኩል የሚመዝኑ ድንጋዮች የዋጋቸው ልዩነት የሰማይና የምድር ሊሆን ይችላል። የሚወስነው ቀለሙ፣ ስታገላብጠው የቀለሙ መለዋወጥ፣ ስንጥቅ መኖር አለመኖሩ ነው። ያንን ማየት የሚችለው ዓይኑ የሰለጠነ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሁልጊዜ የሚገዛው ወገን ነው። ብዙው ድንጋይ ሳይቆረጥ ሳይሞረድ ህንድ፣ ጃይፑር ይገባል። በካራት፣ ማለትም በግራም አንድ አምስተኛ እየተመዘነ የሚሸጠው እዚያ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እኛ ጋ በእፍኝ የሄደው ማለት ነው።

የደላንታዋ ከተማ ወገልጤና አካባቢ ኦፓል የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ1980ዎቹ የወጣው የመንዝ ኦፓል ይሰነጠቃል ተብሎ ስሙ ጠፍቶ ስለነበር የደላንታው ነጭ ድንጋይ ሲመጣ ገበያው ተገረመ። ድንጋዩ የተፈጠረው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ነው፣ ኦፓል ያለበት ንጣፍ ቀጭን ነው፣ ከላይም ከታችም ወፍራም ድንጋይ ተጭኖታል። ገደል ለገደል ተከትለህ ካልሆነ አታገኘውም። ስለዚህ ልጆቹ በደረታቸው የሚገቡበት ጠባብ ዋሻ ይቆፍራሉ፣ በእጅ ባትሪ፣ ብዙ ጊዜም ጣሪያውን የሚደግፍ አንድ እንጨት እንኳ ሳይኖር።

በ2016 ዓ.ም. ደላንታ ውስጥ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ውስጥ ታፍነው ሲቀሩ፣ ያን ሰሞን የአክስቴ ልጅ ስልኩን አላነሳም ነበር። ሁለት ቀን። እናቱ እህል አልቀመሰችም። እሱ ሌላ ዋሻ ነበር፣ ተርፏል። የሌሎች እናቶች ግን እዚያው ገደሉ ጫፍ ተቀምጠው ነበር።

ታዲያ ለዚህ ሁሉ ድካም ዋጋውን የሚነግራቸው ሰው ይጥፋ? ወገልጤና ላይ አንድ ክፍል፣ ጥሩ መብራት፣ ድንጋይ ደረጃ የሚያወጣ ለሻጩ የቆመ ባለሙያ፣ ሁለት የመሞረጃ ማሽን። ይህ ከባድ ነው? ማኅበራቱ እንደሆነ አሉ፣ ወጣቱም አለ። ዋሻ ከመግባታቸው በፊት ጣሪያውን አይቶ «ይሄ አይገባበትም» የሚል ሰውም ያስፈልጋል፣ ከሁሉ በፊት እሱ።

ትናንት ደወለልኝ። ሌላ አግኝቷል፣ የአውራ ጣት ታህል ይላታል። «ጋሼ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠቅልያታለሁ፣ ለማንም አላሳየሁም» አለኝ። ዋሻው ምን ያህል ገባ ስለው ዝም አለ። ከዚያ «ወደ አስራ አምስት ክንድ» አለኝ።