ሁለት ሙዝ ከገደልኩ በኋላ

በረሃ ውስጥ ያለውን ጓሮዬን የዝናብ ደን ላስመስለው ተነሥቼ፣ የመጀመሪያውን ሙዝ የተከልኩት መሃሉ ላይ ነው። ከሳሎን መስኮት ሆኜ እንዳየው ነዋ! ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ ታጥፈው እንደ ድንኳን ተከደኑ። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩ። በማግስቱም ደገምኩ። አፈሩ ጭቃ ሆነ፣ የቅጠሉ ጠርዝ ግን እየተጠበሰ ሄደ። ለካ ሥሩ ውሃ ውስጥ ቢቆምም፣ ያ ሁሉ ሰፊ ቅጠል በደረቅ አየር የሚያተነውን ያህል ቶሎ ስቦ ማድረስ አይችልም።

ሁለተኛውንም እዚያው ተከልኩት። (ግትርነቴን ባለቤቴ ታውቃለች።) እሱን ደግሞ ትኩሱ ነፋስ ዘነጣጥሎ ጨረሰው።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ የዝናብ ደን ፎቶዎችን እንደገና ያየሁት። እስከዚያ ድረስ ዓይኔ አረንጓዴውን ብቻ ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ ግን ጥላው ታየኝ። ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ብዙዎቹ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ናቸው። የበረሃ ሰዎችማ ይህን ከጥንት ያውቁታል፤ በሰሜን አፍሪካ የበረሃ ገነቶች ከላይ ቴምር፣ ከሥሩ ሮማንና በለስ፣ ከዚያ በታች አትክልት ይተከላል። እኔ ከጣሪያው በፊት ምንጣፉን ነበር የገዛሁት።

ስለዚህ ከጥላ ጀመርኩ። ቴምር እስኪያድግ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ በምዕራብ በኩል አራት ቋሚ አቁሜ ግማሹን ፀሐይ የሚከለክል መረብ ወጠርኩ። የሚያቃጥለው የከሰዓቱ ፀሐይ ነው፤ የጠዋቱን ብዙው ተክል ይወደዋል። ግድግዳው ላይ ቡጋንቪሊያ ለቀቅኩ። እሱ ትንሽ ሲጠማ ነው ይበልጥ የሚያብበው፣ ስለዚህ ከእኔ ስንፍና ጋር ተስማምተናል። ከመረቡ ሥር ካና የሚባለውን ቅጠለ ሰፊ አበባ ተከልኩ። ጉሎም ነበረኝ። ቅጠሉ የደን ንጉሥ ያስመስለዋል፣ ሙቀትም አይበግረውም። ፍሬው ግን መርዝ ነው። ልጃችን ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ የምትከት ስለሆነች ነቀልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ውሃው ላይ ብዙ ተሳስቻለሁ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፣ ጨውም ያጠራቅማል። አሁን በጠብታ ቱቦ ቀስ አድርጌ፣ ለረጅም ሰዓት፣ አልፎ አልፎ አጠጣለሁ። ስጨርስ ቀጭን ብረት አፈሩ ውስጥ እሰካለሁ። እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ደረቁ ጋ ሲደርስ እምቢ ይላል። ለዛፎቹ 60 ሳንቲሜትር ካልገባ ውሃውን መልሼ እከፍታለሁ። ዛፉ ሲያድግ ቱቦውን ከግንዱ እያራቅኩ ነው፤ ውሃ የሚጠጡት ጫፍ ላይ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ናቸውና። ከላይ 8 ሳንቲሜትር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ጉዝጓዝ አለ። ግንዱን እንዳይነካ፣ ይበሰብሳል።

አንድ ጊዜ የካናው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። እኔ ደግሞ እንደለመድኩት ወደ ውሃው ቧንቧ ሮጥኩ። ነገሩ ተክሉ የሚመገበው የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ነበር። ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ፤ ኖራ የበዛበት አፈር ግን አስሮ ይይዘዋል፣ ሥሩ አያገኘውም። ለእንዲህ ዓይነት አፈር የተዘጋጀ የብረት ማዳበሪያ ስሰጠው አዲሶቹ ቅጠሎች አረንጓዴ ሆነው ወጡ።

ሦስተኛው ሙዝ ከመረቡ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ ነው። ነፋስ አያገኘውም። ቅጠሉ እዚህም እዚያም ተቀዷል፣ ቢሆንም ቆሟል። ሰሞኑን ከሥሩ ሁለት ቡቃያ አወጣ። አንዱን ነቅዬ የት ልትከለው እያልኩ ስዞር ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ቆማ አየችኝ።

«መሃሉን እንዳታስበው» አለችኝ።

እያሰብኩት ነበር።