“ነገ ይደርሳል” ማለት ያቆምኩበት ሁዳዴ

ባለፈው የጽዋ ማኅበራችን ስለ ክርስትናና ስለ ሥራ ስንጨዋወት ለደንበኞቼ የሰጠሁትን ቀጠሮ የምጽፍበት አንድ ደብተር እንደያዝኩ ተናግሬ ነበር፤ ዝርዝሩን ጻፍልን ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ከዘወረደ፣ ከሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት፣ እስከ ሰኔ የሆነውን፣ የወደቅኩበትንም ጭምር፣ ሳልሸሽግ ላካፍላችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ልብስ ሰፊ ነኝ። በሙያው 14 ዓመት ሆኖኛል፤ የሀበሻ ቀሚስ፣ ሱፍ፣ የሙሽራ ልብስ፣ አንዳንዴም ጥገና እሠራለሁ። በ40 ቀኔ ክርስትና ተነሥቼ ማተብ ታስሮልኛል። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ሰንበት አስቀድሳለሁ፣ ሱቄ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ከሥዕሉ ሥር ተቀምጬ በቀን ስንት ጊዜ እንደምዋሽ ግን ቆጥሬ አላውቅም ነበር። ውሸቴ አንዲት ናት፣ ልብስ አሰፍቶ የሚያውቅ ሁሉ ሰምቷታል፤ “ነገ ይደርሳል።”

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ንስሐ ልገባ ሄድኩ። እንደ ልማዴ “ሐሰት ተናግሬአለሁ” ብዬ ወደሚቀጥለው ላልፍ ስል የንስሐ አባቴ አስቆሙኝ። “ምን ብለህ? ለማን?” አሉ። የቀጠሮውን ነገር ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና “ልጄ፣ ክርስትና ስትነሣ ክርስትና አባትህ ስለ አንተ ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን ክዷል፤ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እምነቱን ተናግሯል። አንተ ደንበኛህን ስትቀጥር ፊትህን ወዴት አዙረህ ነው?” አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከስግደቱ ሌላ አንድ ነገር አዘዙኝ፤ የቀጠርከውን ጻፍ፣ የሆነውንም አጠገቡ ጻፍ፣ በየሳምንቱ አምጣልኝ።

በዘወረደ ሳምንት 27 ቀጠሮ ሰጠሁ። በቀኑ የደረሰው 8 ነው። ከቀሩት 19 ውስጥ 11ዱ፣ ቀኑን በአፌ ስናገር እንኳ እንደማይደርሱ አውቃቸው ነበር። ያሳመመኝ ይሄኛው ቁጥር ነው። ሥራ በዝቶ ወይም መብራት ጠፍቶ መዘግየት ያለ ነው፤ እያወቁ መቅጠር ግን ሌላ ነገር ነው።

ለምን እንደማደርገው ሳስበው መጀመሪያ የመጣልኝ ገንዘብ ነበር፤ ደንበኛው እንዳያመልጠኝ። ደብተሩን ደጋግሜ ሳየው ግን ገና ብር ያልከፈሉኝን ብቻ አይደለም የዋሸሁት። ዘመዶቼን፣ የማይሄዱብኝን የድሮ ደንበኞቼንም ጭምር ነው። ሰው ፊቴ ቆሞ “አይደርስም” ስለው ፊቱ ሲጠቁር ማየት አልችልም። ይሉኝታ ነው። ዛሬ እንዳይከፋው ብዬ ነገ ሁለት እጥፍ እንዲከፋው አደርጋለሁ፣ እሱም እኔ በሌለሁበት፣ የረዳቴን ፊት እያየ። ይሉኝታን ሁሌም ከጨዋነት ነበር የምቆጥረው፤ ደብተሩ ላይ ግን የሐሰቴ እናት ሆና አገኘኋት።

ስለ ሁለተኛው ሳምንት፣ ስለ ቅድስት፣ እምብዛም የምለው የለኝም፤ ከ25 ቀጠሮ በቀኑ የደረሰው 10 ነው። 

በሦስተኛው ሰንበት፣ በምኩራብ፣ ጌታ ሻጮችንና ለዋጮችን ከቤተ መቅደስ እንዳስወጣ ሲነበብ ሐሳቤ ወደ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሥር ሄደ። እዚያ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ትራፊ ጨርቅ አለ። ሙያው ውስጥ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለአንድ ሱሪ 1 ሜትር ከ20 ሲበቃ “1 ሜትር ከ50 አምጣ” እንላለን፣ የተረፈው የሰፊው ነው። ማንም ሌብነት አይለውም። ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ፣ ይልቁንም ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖረው በገዛ እጁ ይድከም ሲል ግን የእኔን ማዳበሪያ ከዚህ ለይቶ አላስቀረውም።

ሰኞ ማዳበሪያውን ወለሉ ላይ ዘረገፍኩት። የማንነታቸውን ያወቅኩት የ6 ሰው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ደወልኩ። አንድ ግራጫ ሱፍ ያሰፉ ጋሼ መጥተው ቁራጩን ተቀበሉኝ፤ በጣታቸው እያሹ ትንሽ ቆሙና “እኔ እኮ ይሄን ከሒሳቡ ውስጥ ከትቼው ነው ወደ አንተ የምመጣው፤ ሰፊ ሁሉ እንዲሁ ነው ብዬ” አሉኝ። አልተቆጡም። እንደ ሌባ ቆጥረውኝ፣ ሌብነቴንም ይቅር ብለውኝ፣ ስንት ዓመት ሰላም ሲሉኝ ኖረዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትራፊውን ከልብሱ ጋር ጠቅልዬ እሰጣለሁ። ባለቤቱ ካልታወቀው፣ የንስሐ አባቴን ጠይቄ፣ ለልጆች ቁምጣ ሰፍቼ ለሚያስፈልጋቸው ሰጥቻለሁ፤ 17 ወጣው።

በመጻጕዕ ሳምንት የገባኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ያ 38 ዓመት የተኛ ሰው “ልትድን ትወዳለህን?” ሲባል አዎ አላለም፤ ሰው እንደሌለው፣ ሌላው እንደሚቀድመው ምክንያቱን ነው የተናገረው። እኔም የደብተሬን ሁለተኛ ዓምድ ሳየው በምክንያት የተሞላ ነው፤ መብራት ጠፋ፣ ዚፕ ጠፋ፣ ጥልፉ ከጠላፊው አልመጣም፣ ልጁ ቀረ። ስለዚህ ምክንያት መጻፍ አቁሜ ሰዓት መለካት ጀመርኩ። አንድ ቀሚስ ከመቁረጥ እስከ ቅምቅማትና ተኩሱ ድረስ ስንት ሰዓት ይወስዳል? ጥልፉን ሳይጨምር አንድ ቀን ተኩል። ከረዳቴ ጋር በሳምንት ከ8 አይበልጥም። እኔ እስከ 15 እቀበል ነበር። የሳምንቱን 8 መስመር ወረቀት ላይ አስምሬ ከማሽኑ ፊት ለጠፍኩት፤ ሲሞላ ሞልቷል። ከጸሎቱና ከስግደቱ አጠገብ ይህችን ወረቀት መጥራቴ እንዳይገርማችሁ፤ እኔን ያገዘችኝ እሷ ናት። በቃል የማልችለውን እምቢታ እሷን እያሳየሁ ተናገርኩ።

ፈተናው የመጣው ከገብር ኄር፣ ከስድስተኛው ሰንበት፣ በኋላ ነው። ለፋሲካ ልብስ የሚያሰፋው በአንድ ጊዜ ይመጣል፤ ከትንሣኤ ማግሥት ጀምሮ ሠርግም ስላለ የሙሽራውም ይደረባል። የቆየች ደንበኛዬ ለሦስት ሴት ልጆቿ የሚሆን ጥለት ያለው ሸማ ይዛ መጣች። ወረቀቱ ሞልቷል። 

“እትዬ፣ ለፋሲካ አይደርስልኝም” አልኳት። 

“አንተ ደግሞ! ሁልጊዜ እሺ ትል የለ?” 

“እል ነበር። ግን ልብሱን ዋዜማው ማታ ነበር የሚወስዱት፣ አንዱ እጅጌ ሳይቀመቀም።” 

ሸማውን መልሳ አጣጠፈች፣ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው፣ ደህና ዋል ሳትለኝ ወጣች። እጄ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ተከትዬ ወጥቼ “በቃ ያምጡት” ልላት ደጃፉ ድረስ ደርሻለሁ። ተመለስኩ። የሦስት ቀሚስ ዋጋ ቀላል አይደለም፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ሰሞን ነበር።

ያን ሳምንት፣ ጌታ ዳግመኛ መወለድ እንደሚያስፈልግ የነገረውን ኒቆዲሞስን ሳስብ የሥራዬ ነገር አብሮ መጣብኝ። ልኬት ስወስድ ሰውን ሁሉ “ጃኬትዎን ያውልቁልኝ” እላለሁ። ከጃኬቱ በላይ ከለካሁ አዲሱ ትከሻ ላይ ይሰፋል፣ ደረት ላይ ያብጣል። ሐዋርያውም ለቆላስይስ ሰዎች አሮጌውን ሰው ከሥራው ጋር ገፋችሁታል ብሎ ነው አዲሱን ለብሳችኋል የሚላቸው። እኔ ማተቤን፣ ጾሜን፣ ቅዳሴዬን ሁሉ ከጃኬቱ በላይ ስደርብ ነው የኖርኩት። አሁን አንዱን እጅጌ ያወጣሁ ይመስለኛል።

በሆሣዕና ሳምንት ጥገናውንና ትናንሹን ሥራ ጨምሮ 20 ቀጠሮ ነበረኝ፤ 17 በቀኑ ደረሰ፣ 3ቱን ሰዎቹ ከቤት ሳይወጡ ደውዬ አሳወቅኩ።

ከዚያ ወደቅኩ። በዓለ ሃምሳ፣ ከትንሣኤ በኋላ ያለው 50 ቀን፣ ገባ፤ ጾም የለም፣ ሠርግ በሠርግ ነው፣ ደብተሩም መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሁለት ሳምንት አልጻፍኩም። ለአንዲት ሙሽራ የመልስ ቀሚሷን “ዓርብ ጠዋት” አልኳት፤ ስናገር ጨርቁን ገና አልቆረጥኩትም። ዓርብ እጇን ሂና ተቀብታ መጣች። ሂናው እንዳይነካባት መዳፎቿን ወደ ላይ ዘርግታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ እንደዚያው ቆየች። አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። እየሰፋሁ ቀና ባልኩ ቁጥር የማየው እነዚያን መዳፎች ነበር። ሲያልቅ “መብራት አስቸግሮኝ ነው” ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ መብራቱ ቀኑን ሙሉ አልጠፋም። “ዓርብ ጠዋት እንደማይደርስ እያወቅኩ ነው የቀጠርኩሽ፤ ይቅር በይኝ” አልኳት። አየችኝ፣ “እግዚአብሔር ይቅር ይበለን” አለችኝና ሄደች። በማግሥቱ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁት።

ረዳቴን ምንም አላስተማርኩትም፤ ደብተሩንም ያሳየሁት አይመስለኝም። በቀደም ግን ጨርቅ ስቆርጥ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፤ “አይ እህቴ፣ ገና አልጀመርነውም። ማክሰኞ ከሰዓት ነይ፤ ካልደረሰ ሰኞ እደውልልሻለሁ።” መቀሴን አቁሜ አዳመጥኩት።

ይኸው ልጅ ግን እኔ የምጮህበት ልጅ ነው። ስፌት ሲጣመምበት የምናገረውን እዚህ አልጽፈውም። የሐዋርያት ጾም ሲገባ ለደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ አስምሬለታለሁ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ የሚለውን ይዤ፣ የጮህኩበትን ቀን ምልክት አደርጋለሁ፣ ሱቅ ሳንዘጋ ይቅርታ ከጠየቅኩት ምልክቱን እከበዋለሁ። እስካሁን 5 ምልክት አለ፣ 2ቱ ተከብበዋል። ትናንት ስንዘጋ ሦስተኛውን ልከብ ፈልጌው ቀድሞኝ ታክሲ ይዞ ሄዷል፤ ዛሬ ጠዋት ሳይቀመጥ እነግረዋለሁ።