ለፓንዳዬ ኮንደንሰር ስፈልግ

ኦገስት ላይ ሮም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ሙቀቱን ያውቀዋል። የእኔ የ2009 ፊያት ፓንዳ ኤሲዋ ያቆመው ልክ በፌራጎስቶ፣ በጣሊያኖች የኦገስት አጋማሽ በዓል ሰሞን፣ ጋራዡ ሁሉ ሲዘጋ ነው። ልጄ ከኋላ ተቀምጣ በላብ ተጠምቃለች። «አባዬ መስኮቱን ክፈተው» ትለኛለች። አራቱም መስኮት ተከፍቷል።

የመጀመሪያው መካኒክ ምንም ሳይፈትሽ ጋዝ ሞላልኝ። ከ20 ቀን በኋላ ያው ሙቅ አየር። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ በዝግ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ነው፣ ስለዚህ በሳምንታት ውስጥ ከጠፋ የሚያፈስበት ቦታ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ አታስሞሉ፣ እባካችሁ።

ሁለተኛው ቀለም ጨምሮበት በዩቪ መብራት አየው። የኮንደንሰሩ፣ ማለት የኤሲው ጋዝ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ክፍል፣ ታችኛው ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ቢጫ አረንጓዴ እድፍ ቦግ አለች። ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ስለሚቀመጥ ከመንገድ የሚፈናጠረው ጠጠር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።

እቃ ፍለጋው ላይ ነው የተቸገርኩት። «ፓንዳ፣ 2009፣ 1.2» ብዬ አዘዝኩ። መጣ፣ ግን የቱቦዎቹ መግቢያ አልገጥም አለ። ፊያት ላይ ስምና ዓመት ብቻ አይበቃም፣ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ፓንዳዎች የተለያየ ኩባንያ ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቀው) ሊኖራቸው ይችላል፣ የቱቦው አገጣጠምም አብሮ ሊለያይ ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለውን ባለ 17 ፊደልና አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ የእቃውን ቁጥር አስወጡ። ከዚያ በቁጥሩ ፈልጉ፣ የመኪናውን ስም እርሱት። እኔ በቁጥሩ ስፈልግ ትክክለኛው ኮንደንሰር የተገኘው ፎርድ ካ በሚባል መኪና ስም ተመዝግቦ ነው! ያ ካ ከፊያት 500 ጋር ፖላንድ ውስጥ፣ ቲኺ ከተማ፣ አንድ ፋብሪካ ነው የተሠራው፣ ፓንዳዬም የዚያው ቤት ልጅ ናት። ብዙ እቃ ይጋራሉ።

አንድ የገረመኝን ልንገራችሁ። እዚህ እቃ መሸጫ ገብቼ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ካምቢዮ ብል ሻጩ ወዲያው ይገባዋል፣ ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የጣሊያንኛ ቃል ነው። ኤሲ ላይ ስደርስ ግን ቃል የለኝም። ኮምፕሬሰርና ኮንደንሰር በእንግሊዝኛው ነው የለመድናቸው፣ የድሮዎቹ ፊያቶቻችን ኤሲ የት ነበራቸው!

ከፈረሱ መኪኖች፣ እንደ ሶማሌ ተራ ካለ ቦታ፣ ኮምፕሬሰር መግዛት ይቻላል፣ ግን አፎቹ በክዳን የተደፈኑ ይሁኑ። ክፍት የከረመ እርጥበት ይጠጣል። ከጋዙ እርጥበት የሚመጠውን ማድረቂያ ግን አሮጌ በፍጹም አትግዙ። አንዳንዱ ኮንደንሰር ከነማድረቂያው ይመጣል፣ ካልመጣ አዲስ ጨምሩ፣ ኦሪንጎቹንም (የቱቦ መጋጠሚያ የጎማ ቀለበቶቹን) ቀይሩ፣ የሳንቲም እቃ ናቸው። ጋዙም ይለያያል። የእኔ አር134ኤ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ2017 ወዲህ የተሸጡ አዳዲስ መኪኖች ግን አር134ኤ አይሞላባቸውም፣ አብዛኞቹ የሚወስዱት አር1234ዋይኤፍ በጣም ውድ ነው። ዓይነቱና መጠኑ ኮፈኑ ስር ባለው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት አየሩና እርጥበቱ በቫክዩም መውጣት አለበት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቆማችሁ እዩ።

የእኔን እቃ ቁጥር ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ባለ 1.2 ቤንዚን ፓንዳ ያላችሁ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ግን ከራሳችሁ ሻንሲ ቁጥር ጋር አስተያዩት።