ላቤ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ዕለት

«ንብረት ያዧ በቆጠራው ወቅት ከፍተኛ መደናገጥ ታይቶባታል፤ ፊቷንም ላብ ሲያጠምቃት ኮሚቴው ተመልክቷል።»

ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ይህ ነው። ከሥሩ ፈርሚ ተባልኩ። አልፈርምም አልኩ።

ነገሩ የሆነው ደብረ ማርቆስ፣ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ንብረት ይቆጠራል። ቆጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ መደርደሪያው አንድ በአንድ ይፈተሻል፣ ያለው ዕቃ ከካርዱ ጋር ይመሳከራል። ለእኛ ለግምጃ ቤት ሰዎች የዓመቱ ከባዱ ሰሞን ነው።

የሰኔን ደብረ ማርቆስ የኖረበት ያውቀዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። ዝናቡ ከያዘ ከጮቄ በኩል የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። የዚያን ዕለት የኮሚቴው ሰዎች ካፖርታቸውን አላወለቁም። ዘበኛችን፣ ሁላችንም አያ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። እኔ ግን ከፀጉሬ ሥር የጀመረው ላብ በግንባሬና በጆሮ ግንዴ እየወረደ አገጬ ላይ ይንጠባጠባል። ብብቴ ደረቅ ነው። እጄም ደረቅ ነው። የሚያልበኝ ራሴንና ፊቴን ብቻ ነው። ሻሼ ረጥቧል። አንዷ ጠብታ የያዝኩት ወረቀት ላይ ወድቃ የእስክሪብቶውን ቀለም በተነችው።

በዚህ መሀል ነው ጎማ ጎደለ የተባለው። ስቶክ ካርዱ 6 የሞተር ሳይክል ጎማ ይላል። መደርደሪያው ላይ ያለው 4 ነው። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየኝ።

«ምነው እህቴ? በዚህ ብርድ እንዲህ የሚያደርግሽ ምንድን ነው?»

«ሁልጊዜም እንዲህ ያደርገኛል» አልኩ።

ሁለቱ አባላት ተያዩ። አያ ከበሩ ሆነው «ኧረ ይች ልጅ ቡና ስትጠጣም ያልባታል፤ ዛሬ አይደለም የጀመራት» አሉ። ዘበኛን ማን ይሰማል።

ግምጃ ቤት ሠርቶ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባል የገቢ ደረሰኝ ይገባል፤ ሲወጣ ሞዴል 22 በሚባል የወጪ ደረሰኝ ይወጣል። እኔ ዘንድ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው የዕቃውን ገቢና ወጪ የምመዘግብበት ቢን ካርድ ነው። ስቶክ ካርዱን ግን በሌላ ቢሮ የንብረት ሒሳብ ክፍሉ ይይዘዋል። ተለያይተው የሚያዙት አንዱ ሌላውን እንዲቆጣጠር ነው። የእኔ ቢን ካርድ 4 ይላል። መደርደሪያውም 4 ነው። ሁለቱ ጎማዎች ግንቦት ላይ በሞዴል 22 ወጥተዋል፤ የተረከበው ሰው ፈርሟል። የሒሳብ ክፍሉ ቅጂ ስቶክ ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ ሌላ ፋይል ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከምሳ በፊት ነገሩ አለቀ። የጎደለ ነገር አልነበረም።

ላቡ ግን ቃለ ጉባኤው ላይ ቀረ።

«ጎማው ከተገኘ የእኔ ማላብ ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኩ። «ያየነውን ነው የጻፍነው» አለኝ ሰብሳቢው። በክፋት እንዳላደረገው አምናለሁ። እኛ ዘንድ ላብ ይነበባል። «ሲጠየቅ ላቡ ጠብ ጠብ አለ» ከተባለ ሰውየው አለቀለት ማለት ነው። ሽማግሌ ፊትም፣ ችሎት ላይም፣ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብም ያው ነው። ይህ ልማድ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳሳማ ሳስበው ያንገበግበኛል። ላብ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው ካርዱ ነው፣ ፊርማው ነው፣ መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ነው። ያ ዓረፍተ ነገር ደግሞ እዚያው ግምጃ ቤት አይቀርም። ከማኅደሬ ጋር ይያያዛል። ነገ ለዕድገት ስወዳደር የማያውቀኝ ሰው ያነበዋል።

ኃላፊያችን ሁለታችንንም ሰሙ። «በሽታ ከሆነ የሐኪም ማስረጃ አምጪ፤ እኔ አሠርዘዋለሁ» አሉኝ። የዚያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። ያልሠራሁትን ነገር በወረቀት አስተባብዪ የተባልኩ መሰለኝ። ግን ለዓመታት ሳንከባልለው የኖርኩትን ጉዳይ እንድጨርሰው ያደረገኝም ይኸው ነው።

ላቡ የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰሌዳ ላይ ስወጣ ይጀምራል። ትኩስ ወጥ ከቀረበ ይጀምራል። ቃሪያ ከነከስኩ፣ ከቸኮልኩ፣ ሰው ከበዛበት ክፍል ከገባሁ ይጀምራል። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ ማዕድ ላይ ጨርቅ ከአጠገቡ አይለይም። እሱን ግን «ሠርቶ አዳሪ ነው፣ ያልበዋል» ነው የሚሉት። ሴት ልጅ ስትሆኚ ሌላ ነው። ፀጉርሽን ተሠርተሽ ሠርግ ትሄጃለሽ፤ ገና ወንበር ሳትይዢ ግንባርሽ ላይ ይጣበቃል። ቀስ በቀስ ከስብሰባ የኋላ ወንበር መምረጥ፣ ሻይ አልፈልግም ማለት፣ መድረክ ላይ የሚያስቆም ሥራን ለሌላ ሰው መስጠት ትለምጃለሽ።

መካሪ አልጠፋም። ደም ግፊት ነው ያለኝ አለ። ዱቄት ቀቢው ያለችኝ አለች። ጠበል ግቢ ተባልኩ፣ ገባሁም፤ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እሄዳለሁ። ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ ታይፎይድና ወባ ተመርምሬ «የለብሽም» ተብዬ እመለሳለሁ። ከዚያ በኋላ ታዲያ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ባለሙያ አልገጠመኝም ነበር።

ማስረጃ አምጪ ስባል ወደ ባሕር ዳር ሄድኩ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ። መንገዱን የሚያውቅ ይረዳኛል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፤ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መስኮት የሚባል ነገር አይከፈትም። ትንሽ ፈቀቅ ሳደርገው «ኧረ ዝጊው እናቴ፣ ብርድ ሊመታን ነው!» ይሉኛል። ባሕር ዳር ስደርስ ሻሼ የሚጨመቅ ነበር።

ሐኪሟ ከመንካቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ። ከመቼ ጀምሮ ነው? ሁለቱንም ጎን እኩል ያልብሻል ወይስ አንዱን? ከቤተሰብ ማን አለ? ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ከሁሉም በላይ አጥብቃ የያዘችው ግን አንድ ጥያቄ ነበር። «ሌሊት፣ እንቅልፍ ከወሰደሽ በኋላ ያልብሻል?»

አያልበኝም። ትራሴ ደርቆ ነው የሚነጋው።

ለምን እንደጠየቀች አስረዳችኝ። በእንቅልፍ ልብ ልብስና አንሶላ የሚያርስ ላብ፣ በተለይ ክብደት መቀነስ፣ ሳል ወይም ትኩሳት ካለበት፣ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ቲቢ አንዱ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን መብዛትም ሰውነትን በሙሉ ያልባል፤ ስለዚህ አንገቴን ዳበሰች። እንቅርት በደጋው አገራችን የተለመደ በመሆኑ ይህን ማለፍ አይገባም። የደም ስኳር፣ የማረጥ ዕድሜ፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም ላብ ያመጣሉ። የደም ምርመራው የእኔ ደህና እንደሆነ አሳየ።

«ያንቺ ሃይፐርሃይድሮሲስ ይባላል፣ ከመጠን ያለፈ ላብ ማለት ነው፤ ራስንና ፊትን የያዘው ዓይነት ነው» አለችኝ። ከ6 ወር በላይ የቆየ፣ ሁለቱንም ጎን እኩል የያዘ፣ ከ25 ዓመት በፊት የጀመረ፣ በእንቅልፍ የሚቆም፣ በዘር ያለ፣ የቀን ሥራን የሚያውክ። ሁሉም እኔ ላይ አለ። የላብ ዕጢዎቼ ከሰው አልበዙም፤ የሚያዛቸው ነርቭ ነው ትእዛዝ የሚያበዛው። ልብ ሲመታ፣ ስንደነግጥ፣ ሲሞቀን የሚነሣው ያው ሲምፓተቲክ የሚባለው ነርቭ ነው። አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል፣ ዕጢው ላብ ያመነጫል። ሌላው ሰው ላይ የሚቆመው መልእክት እኔ ላይ አይቆምም። ያልበኝ ጀመር፣ ሰው አየኝ፣ ሰው ሲያየኝ ይብስብኛል። የቆጠራው ዕለት የሆነው ይኸው ነው። ሐኪሟ ይህን ስትለኝ እንባዬ መጣ። ስም ያለው ነገር ነው። እኔ የፈጠርኩት አይደለም።

ሕክምናው ግን አንድ ክኒን ውጦ መገላገል አይደለም። ይህን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው በአንድ ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ስለሚተው።

መጀመሪያ የሰጠችኝ የሚቀባ አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። ማታ፣ ፍጹም በደረቀ ቆዳ ላይ ይቀባል፤ ጠዋት ይታጠባል። እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል። ዓይን አጠገብ አይደርስም። ግንባሬ ላይ ረዳኝ፣ ትንሽ ቢያሳክከኝም። የራስ ቅሌን ግን ፀጉር ውስጥ እንዴት አድርጌ ልቀባው? እዚያ ላይ አልሆነም።

ቀጥሎ ኦክሲቡቲኒን መጣ። ለሽንት ፊኛ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ ያንን የአሴቲልኮሊን መልእክት ስለሚያግድ ላብንም ይቀንሳል። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዓይን ሊያደበዝዝ ይችላል። ግላኮማ የሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም ያለበት፣ ሽንት የሚያስቸግረው ሰው አይወስደውም። ስለዚህ ከጎረቤት ተበድሮ የሚዋጥ አይደለም። እኔን የከበደኝ ጾም ላይ ነው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ እየዋልኩ ምላሴ እንጨት ሆነ። ሳልተወው ሐኪሟን ጠየቅኳት፤ መጠኑንና ሰዓቱን አስተካከለችልኝ። ሐኪምን ስለ ጾም መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይጠየቅ፤ ካልተነገራት ከየት ታውቃለች?

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። ላብ ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ነው። መድኃኒቱ ላብን ሲቀንስ ሙቀት ሊከማች ይችላል። ዕቃ ልረከብ አዲስ አበባ ስሄድ ከደጀን ቁልቁል ዓባይ በረሃ አለ። ደጋ ለለመደ ሰው እሳት ነው። አሁን በዚያ ሳልፍ ውኃ እይዛለሁ፣ መኪናው ከቆመ ጥላ እፈልጋለሁ፣ ራሴን ካዞረኝ ዝም አልልም።

የነርቩን መልእክት የሚያግድ ቦቶክስ የሚባል መድኃኒትም አለ። በብዙ ትንንሽ መርፌ ግንባርና የፀጉር መስመር ላይ ይወጋል። ከ3 እስከ 6 ወር ገደማ ይሠራል፣ ከዚያ ይደገማል። ቅንድብ ሊያወርድ ይችላል። ለእኔ ደመወዝ የሚሞከር አልሆነም። ደረት ውስጥ ገብቶ ነርቩን የሚቆርጥ ቀዶ ሕክምናም አለ። እሱን ሐኪሟ ራሷ አልመከረችኝም፤ ፊቱ ደርቆ ጀርባና ሆድ ላይ የባሰ ላብ የሚመጣበት ሰው ብዙ ነው፣ የተቆረጠ ነርቭ ደግሞ አይመለስም።

ላቤ አልጠፋም። ቀንሷል። ቡና ስጠጣ ግንባሬ ይረጥባል እንጂ አገጬ ላይ አይንጠባጠብም። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ማስረጃውን ለኃላፊያችን ሰጠኋቸው። ቃላቸውን ጠበቁ፤ ዓረፍተ ነገሩ ወጥቶ ቃለ ጉባኤው እንደገና ተጻፈ፣ ያኔ ፈረምኩ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አንብቦ «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?» አለኝ። ነግሬው ነበር። ግን አልተከራከርኩትም፤ ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ኮሚቴ ሁሉ ገና በሩ ላይ እናገራለሁ። «ፊቴን የሚያልበኝ በሽታ አለብኝ፤ እናንተ ካርዱን ተመልከቱ» እላለሁ። ፎጣዬንም ጠረጴዛው ላይ በግልጽ አስቀምጣለሁ። መደበቅ ስተው ላቡ ራሱ ትንሽ ቀለል አለኝ። ሐኪሟ የነገረችኝ የመሳቀቅ ዙር እውነት መሆኑን ያየሁት እዚያ ላይ ነው።

በቅርቡ ከመዝገብ ቤት አንድ ወጣት መጥቶ በሩን ዘጋ አድርጎ እጁን አሳየኝ። መዳፉ ውኃ ነው። ደብዳቤ ሲይዝ ወረቀቱ ይርሳል፣ ሰው መጨበጥ ይሸሻል። «እትዬ፣ አንቺ የት ታከምሽ?» አለኝ። የእጅ ሕክምና ከእኔ እንደሚለይ ነገርኩት። መዳፍ በውኃ ተነክሮ ቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል የሚተላለፍበት መሣሪያ አለ፤ ለፊት አይመችም፣ ለእጅ ግን ይሠራል። ከመሄዱ በፊት ከመቼ እንደጀመረው፣ ሌሊት ያልበው እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ ማን እንዳለበት፣ የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረግኩት። ሐምሌ ላይ የዕድገት ቃለ መጠይቅ አለበት። ከዚያ በፊት እንዲታይ ለአለቃው የፈቃድ ማመልከቻውን አብረን ጻፍነው።