ከእናቴ ጋቢ የወጣ ብርድ ልብስ

ሐምሌ መገባደጃ፣ ጅማ

ለአራስ ልጅ የሚሰፋ ነገር ለዓይን ሳይሆን ለቆዳ ነው መሰፋት ያለበት። ሰሞኑን ይህን ለራሴም ለሰውም ስደጋግም ከረምኩ። አሁን ብርድ ልብሱ አልቆ ተጣጥፎ ስለተቀመጠ፣ ሳይረሳኝ ልጻፈው።

እህቴ የመጀመሪያ ልጇን መስከረም ላይ ትገላገላለች። እንደ ወጉ ለመውለድ እናታችን ቤት መጥታለች። ለእሷ የሚሆነው ሁሉ ከወዲሁ ተሰናድቷል። የገንፎው እህል ተፈጭቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል፣ የአጥሚቱም ተዘጋጅቷል። ለልጁ ግን አንድም ነገር የለም። እናቴ ገና ላልተወለደ ልጅ ልብስ ማዘጋጀት አትወድም። «መጀመሪያ በሰላም ትገላገል፤ ልብስ የትም አይጠፋም» ትላለች። ከምን እንደመጣ ስለማውቅ አልከራከራትም። በእሷ ዘመን ዘጠኝ ወር ተሸክመው ባዶ እጃቸውን የቀሩ ጎረቤቶች ነበሯት። ቀድሞ ማዘጋጀት ለእሷ ክፉ ነገር መጥራት ነው።

እኔ ደግሞ አክስት ልሆን ነው። ያላየሁትን ልጅ እስኪመጣ ድረስ ማሰቢያ የሚሆነኝ የእጅ ሥራ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእናቴ ሳልናገር ጨርቅ ፍለጋ ሂርማታ ወረድኩ።

ሂርማታ የቆየ ገበያ ነው። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) ሐሙስ ሐሙስ ሲቆም ከሩቅ አገር ሁሉ ነጋዴ ይመጣበት ነበር። እዚያ ጨርቅ እየዳሰሱ መዞር ደስ ይለኛል። «ለሕፃን» ስል ግን የሚወጣልኝ ሁሌም አንድ ዓይነት ዕቃ ነው። ወፍራም፣ ፀጉራም፣ ድብ የተሳለበት፣ ዚፕ ባለው ላስቲክ ቦርሳ የታሸገ ብርድ ልብስ። ያምራል፣ እውነት ነው። አራስ ጥየቃ ይዘውት ሲገቡ ሰው ያየዋል። አብዛኛው ግን ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ላብ አይመጥም። ትልቅ ሰው ሲሞቀው ገልጦ ይጥለዋል፤ አራስ ልጅ ግን ማልቀስ እንጂ መግለጥ አይችልም። የጅማ ማታ ይቀዘቅዛል፤ ቀን ላይ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ ወበቁ አይጣል ነው።

ጥጥ መሆኑን ለማወቅ ነጋዴውን አስፈቅጄ ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር መዘዝኩ፤ ክብሪት ለኮስኩበት። ጥጥ ሲቃጠል የወረቀት ሽታ አለው፤ ሲነኩትም የሚበን ለስላሳ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጠር ያለ ጥቁር ጉብ ይሠራል። ሁለተኛው ሱቅ ላይ ያገኘሁት ጥጥ ነበር። ነጭ ሆኖ ጥቃቅን ቢጫ አበባ አለበት። «ወንድ ነው ሴት?» አለኝ ነጋዴው። ሰማያዊና ሮዝ ሊመርጥልኝ ፈልጎ ነው። ቢጫው ይሁን አልኩት። ልጁ ቀለም አይቶ አይደለም የሚተኛው።

የቀረኝ የውስጡ ጨርቅ፣ ቆዳውን የሚነካው ነበር። አቡጀዲ ላድርገው ብዬ አሰብኩ። አቡጀዲ ንጹሕ ጥጥ ነው፤ አዲስ ሲሆን ግን ይሻክራል፤ ለስላሳ እስኪሆን ብዙ መታጠብ ይፈልጋል። መስከረም ደግሞ ቅርብ ነው።

እናቴ ጨርቁን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ አየችው። ምንም አላለችም። ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ የድሮ ጋቢዋን ይዛ ነበር። እኔ ከማስታውሰው ጊዜ ጀምሮ ማታ ማታ የምትደርበው ጋቢ ነው። ትከሻው ላይ የሚታጠፈው ቦታ ሳስቷል፤ አንድ ጫፉ ተተርትሯል። «ይሄንን ቅደጂው» አለችኝ። ለማን እንደሆነ አላለችም። እኔም አልጠየቅኳትም። ጨርቁን ተቀብዬ ቆሜ ቀረሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞላ።

ጋቢ አራት ድርብ ነው። ነጠላ ሁለት። ለሕፃን አራቱም ስለሚከብደው የተያያዘበትን ክር በጥንቃቄ ፈትቼ ሁለቱን ንብር ብቻ ወሰድኩ። ያረጀ ፈትል እጅ ላይ ሲያዝ ሌላ ነገር ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ወፈር ቀጠን ስለሚል ድርና ማጉ መካከል አየር ይይዛል፤ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በዓመታት እጥበት ጥንካሬው ወጥቶለታል። እንዲህ ያለ ልስላሴ ሱቅ ውስጥ አይገኝም። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ዳስሳው፣ «የእኔም ልጆች ሁሉ የተጠቀለሉት በአሮጌ ነጠላ ነው» አለች። ሰባት ልጅ አሳድጋለች፤ እሷ ካለች አለች ነው።

ከመቁረጤ በፊት ሁለቱንም ጨርቅ አጠብኩ። ይህ የማይዘለል ነገር ነው። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከ1 ሜትር ላይ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሊቀንስ ይችላል። አሮጌው ጋቢ የሚሰበሰበውን ጨርሷል። ሳይታጠቡ አብረው ቢሰፉ፣ በመጀመሪያው እጥበት አዲሱ ሲያጥር አሮጌው ይጨማደዳል። ደግሞም አዲስ ጨርቅ ሲመረት የተቀባው ነገር አለ። እሱ ሳይለቅ ልጅ አይጠቀለልበትም። በትንሽ ሳሙና አጥቤ ውኃው እስኪጠራ ደጋግሜ አለቀለቅኩት። ሽቶ ያለው ማለስለሻ አልጨመርኩም።

በሐምሌ ጅማ ላይ ጨርቅ ማድረቅ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ይዞ ይወጣል፤ ደመና ሲመጣ ሁሉም ሮጦ ያስገባል። አንዴ አወጣዋለሁ፣ ዝናብ ይመጣል፣ አስገባዋለሁ፣ እንደገና አወጣዋለሁ። ማድቤት ውስጥ ልሰቅለው አልፈለግኩም። ጥጥ ጭስ ይይዛል። በመጨረሻ ሳሎን ገመድ ወጥሬ አደረቅኩት፤ ርጥበቱን በካውያ ጨረስኩ።

ልኩን 80 በ100 ሳንቲ ሜትር አደረግኩት። የአራስ ብርድ ልብስ ትልቅ ከሆነ ለመያዝ ያስቸግራል። ሁለቱን ጨርቆች መልካቸውን ወደ ውስጥ አድርጌ ገጠምኩ። ፈትል እንደ ልቡ ስለሚሳብ በስፒል ብቻ አላመንኩትም። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ከመሐል ወደ ዳር እየሄድኩ፣ በሰፋፊ ስፌት በእጄ ጠቀምኩት። የሰካሁትን ስፒል ሁሉ ቆጥሬ ነው ወደ ቆርቆሮው የመለስኩት። የሕፃን ልብስ ውስጥ አንድ ስፒል መቅረት የለበትም።

ከዚያ የእናቴ የእግር መኪና ላይ ወጣሁ። አሮጌ ሲንጀር ነው፤ መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም። ስፌቱን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አድርጌ ከጠርዙ 1 ሳንቲ ሜትር ገባ ብዬ ዙሪያውን ሰፋሁ። አንድ ጎን ላይ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ተውኩ። አራቱን ማዕዘኖች ስፌቱን ሳልነካ በአግድም ቆረጥኩ፤ ካልሆነ ሲገለበጥ ማዕዘኑ ያብጣል። በክፍተቱ ገለበጥኩት፤ ማዕዘኖቹን በዱልዱም እርሳስ ገፋሁ። ክፍተቱን በእጄ ስውር ስፌት ዘጋሁት። ሁለቱ ጨርቆች ውስጥ ለውስጥ እንዳይንሸራተቱ ደግሞ መሐሉን በሦስት መስመር በእጄ ያዝኩት። ይህ የወደድኩት ክፍል ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ እህቴ አጠገቤ ጋደም ብላ ታወራኛለች፣ እኔ መርፌዬን እሰዳለሁ። ስለ ልጁ ስም ያወራነው ሁሉ እዚያ ስፌት ውስጥ አለ።

እህቴ ዘርፍ ይኑረው ብላ ነበር። አይሆንም አልኳት። የተንጠለጠለ ክር የሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። ቁልፍም ዶቃም የለውም፤ ሊነቀልና አፍ ሊገባ የሚችል ነገር በሙሉ ቀርቷል። ጥልፍም አንዲት ትንሽ ቅጠል ብቻ ናት፣ እሷም በውጭ በኩል። የጥልፍ ጀርባ ቋጠሮው ይቆረቁራል።

አዋላጅ ነርስ የሆነች ጓደኛዬ ሥራውን አይታ ወደደችው። ግን አንድ ነገር አጥብቃ ነገረችኝ፤ እኔም ለእህቴ አጥብቄ ነገርኳት። ልጁ ብቻውን ተኝቶ ሳለ ልቅ ብርድ ልብስ አጠገቡ አይቀመጥም። ፊቱ ላይ ሊወጣ ይችላል። ሐኪሞች እስከ አንድ ዓመት ድረስ እንዲህ ነው የሚመክሩት፤ ሲተኛም በጀርባው። ታዲያ ብርድ ልብሱ ምን ያደርጋል? ነቅቶ እቅፍ ውስጥ ሲሆን ይጠቀለልበታል። በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲሄድ በባጃጅ ነው፤ ከጎን የሚገባውን ንፋስ ይከልልለታል። ከዚያም ክርስትናው አለ፤ ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን፣ በማለዳ ብርድ። አድጎ ሲድህ ደግሞ መሬት ላይ ይነጠፍለታል።

ከጋቢው የተረፈ ቁራጭ አለ። ቆብ ይወጣዋል ብዬ ልቆርጠው ስል እናቴ ከእጄ ወሰደችው። «ቆቡን እኔ ነኝ የምሰፋው» አለች፤ «ሲወለድ። ጭንቅላቱን ለክቼ።» አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።